ሰማይ የተሸከመው አጎቴ

እናቴንና አጎቴን ያስታረቃቸው አትላስ የሚባል የጥንት ግሪኮች ግዙፍ ነው ብል ማን ያምነኛል? እዚያው ቁጭ ብሎ በስልኩ ሲቀርጽ የነበረው ባለቤቴ እንኳ ቪዲዮውን ደግሞ ካላየ አያምንም። ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ ላውራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሴት እንደነበርኩ ልናገር። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የምይዘው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰዓት ስቆራርጥ ስለምውል ዘመዶቼንም እንደ በሽተኛ ነበር የማስተናግዳቸው። በዓል ሲመጣ እማዬ ለምሳ፣ አጎቴ ለእራት፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። አንድም ቀን በር ላይ አላጋጨኋቸውም። በዚህ ችሎታዬ ትንሽ ጉራ ነበረብኝ፣ አልዋሽም።

እማዬ አስካለ ትባላለች። ትከሻዬ ላይ የማትደርስ አጭር ሴት ናት፤ ስትቆጣ ግን ጣራ ትነካለች። ደምሴ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሰው ለወንበሩ የሚሳቀቅለት ሰው ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከአበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ያለችውን የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰፈሩ "ተራራው" ይለዋል። ይህን ተራራ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ያቺ አጭሯ እናቴ ናት። አያቴ ሥራ ውላ ስለምትመጣ፣ እማዬ ራሷ ልጅ ሆና ነው እናት የሆነችለት።

የተጣሉት በእኔ ሰርግ ነው።

ሰርጌ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አያቴ አዲስ አበባ ላይ አረፈች። ስልክ የተደወለው ለጋሼ ደምሴ ነበር። መቼም በእኛ ወግ መርዶ እንደ ማንኛውም ወሬ በስልክ ዱብ አይደረግም። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ይቀመጣል። ጋሼ ትልልቅ ሰዎችን አማከረ። ሰርጉ ይለፍ፣ መልሱም ይለፍ፣ ከዚያ ይነገራት ተባለ። ሙሽራዋ እኔም አልሰማሁም።

የሰርጉ ዕለት እማዬ አዳራሹን ቀውጢ አደረገችው። አንዷን ልጇን መዳሯ ነውና እስክስታውን ስታስነካው ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆመላት። ከዚያ ሰው መሀል ስንቱ እንደሚያውቅ አሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ጋሼ ፊት ለፊቷ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ዕንባው ይወርዳል። እሷ የደስታ ዕንባ መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ከመልሱ በኋላ በማለዳ መርዶው ተነገራት። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። ከዚያ በድንገት "መቼ ነው ያረፈችው?" አለች። ነገሯት። ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ዞረች።

"እናቴ አፈር ገብታ እኔ ስጨፍር፣ አንተ አጨበጨብክልኝ?"

ከዚያ በኋላ ለእሱ ቃል አልወጣትም። ቄስ ላከ፣ ሽማግሌ ላከ፤ ሁሉንም በአክብሮት ተቀብላ፣ አብልታ አጠጥታ፣ ባዶ እጃቸውን ሸኘቻቸው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ "እንግዲያው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ ይምጣ" አሏት። ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ በተበደለው ሰው ፊት አጎንብሶ ይቆማል፤ "ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ" እስኪባል ድረስ አያወርድም። እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው አቁሞ ዝም ማለት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። እማዬ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ ቀድማ ዘጋችው።

"ድንጋይ አይደለም ተራራ ተሸክሞ ቢመጣ በሬን አልከፍትለትም! ብከፍት የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ!"

በእናት አጥንት ተምሎ ወዴት ይኬዳል? ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ እማዬ ፌርፋክስ ላይ በአንዱ የመንገድ ዳር ስትመጣ ካየ፣ እሷ እንዳትቸገር ብሎ ወደ ማዶው ይሻገር ነበር። ያን የሚያህል ሰው መኪና መሀል ሲሯሯጥ ማየት አንጀት ይበላል። ልጄ ሊያ በዚህ መሀል ተወልዳ፣ አድጋ፣ ስድስተኛ ክፍል ገባች።

ስድስተኛ ክፍል ደግሞ እዚህ አገር የጥንት ግሪክን ይማራሉ። አስተማሪያቸው ሚስ ኖራ በዓመቱ መጨረሻ ቲያትር አዘጋጀች፤ ሊያ ሄርኩለስን ልትሆን ተመረጠች። አዎ፣ ሴት ልጅ ናት፣ ግን ድምፅዋ ከሁሉም ይጎላል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አትላስ የተባለው ግዙፍ ከአማልክት ጋር ጦርነት ገጥሞ ተሸነፈና ሰማይን ለዘላለም እንዲሸከም ተፈረደበት። ሄርኩለስ የወርቅ ፖም ፈልጎ ይመጣል። ግዙፉ "ፖሙን እኔ አመጣልሃለሁ፣ እስከዚያ ሰማዩን ያዝልኝ" ይላል። አምጥቶ ሲመለስ ግን ነፃነት ይጥመውና "አልቀበልህም" ይላል። ሄርኩለስም "እሺ፣ ትከሻዬ ላይ ጨርቅ እስካደርግ ብቻ ያዝልኝ" ብሎ ያታልለውና ፖሙን ይዞ እብስ። ምስኪኑ ግዙፍ እዚያው ይቀራል።

ግዙፉን የሚሆነው ከወላጆች መሀል አንድ ረዥም ፈረንጅ ነበር። ቲያትሩ ዓርብ ሊታይ ሐሙስ ዕለት ሰውዬውን ወገቡን ያዘውና ቀረ። ሊያ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች።

"ማሚ፣ አትላስ ከሌለ ሾው የለም! ሚስ ኖራ ካንስል ልታደርገው ነው!"

"ሌላ አባት ይፈለጋላ።"

"ሁሉም አጭር ናቸው! ማሚ፣ ጋሼ ደምሴ!"

"አያትሽ ትመጣለች እኮ፣ ሊያ።"

"ሶ? ምን ችግር አለው?"

"ሶማ፣ እሱን ካየች ተነሥታ ትወጣለች። አንቺንም ሳታይ።"

ሊያ ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ጺም እናደርግለታለን። ኦኬ? ትልቅ ጺም።"

አሰብኩበት። ሳስበው ደግሞ ለእኔ የተሠራ ሥራ መሰለኝ፤ ሁለቱን ባንድ አዳራሽ አስገብቼ ሳይተያዩ ማስወጣት። ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር ነበር። ጋሼ እሑድ ጠቅልሎ ወደ ቬጋስ ሊሄድ ነው። ቫን ተከራይቷል፣ ክሬንሾው ያለችውን ክፍሉን ለቋል። "ለምን?" ብዬ ስጠይቀው "እዚያ ቢያንስ መንገድ ስሻገር አልውልም" ነበር ያለኝ። ከሄደ ደግሞ በእነሱ ዕድሜ ዳግም በሕይወት ላይገናኙ ይችላሉ። እኔ ላስታርቃቸው አልነበረም፤ ያን ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። ሊያ ብቻ አንድ ጊዜ ከአጎቷ ጋር መድረክ ላይ ትታይ ብዬ ነው።

ፌርፋክስ ስደርስ ማቆሚያው ሞልቶ፣ ጋሼ "ሞልቷል" የሚለውን ሰሌዳ መግቢያው ላይ እያቆመ አገኘሁት። ሰሌዳው አንድ እግሩ ስለተሰበረ ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር የሚያስደግፈው።

"ጋሼ፣ ነገ ምን ሥራ አለህ?"

"ሻንጣ መዝጋት ነው። ምነው?"

"ሰማይ ትሸከምልናለህ።"

ታሪኩን ነገርኩት። ድንጋዩን በእግሩ እያስተካከለ ሰማኝና "ምን ያህል ዘመን ተፈረደበት?" አለ።

"ለዘላለም።"

"ለዘላለም! ሽማግሌ አልላከም?"

"ጋሼ፣ ግሪኮች ናቸው እኮ።"

"ግሪክ ሽማግሌ የለውም?"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ድምፁ ለወጥ አለ።

"እትዬ ትመጣለች?"

"ትመጣለች። ግን አታውቅህም። ፀጉር አለ፣ ጺም አለ፣ ፊትህና እጅህ ግራጫ ቀለም ይቀባል። አፍህንም አትከፍትም፤ ንግግርህን ጥግ ላይ የሚቆሙት ልጆች ናቸው የሚሉልህ። ስትጨርስ አንተ በጓሮ በር፣ እኔ እሷን በፊት በር። ሁሉንም አስቤዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ሰሌዳውንም ድንጋዩንም ለረዥም ጊዜ እያየ ቆመ። "እሺ" አለ በመጨረሻ። "ባንድ ጣራ ሥር መሆን ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።" መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ እማዬን ለማምጣት ወደ ሃውቶርን ነዳሁ። ቤቷ ኤርፖርት አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ጣራዋን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ፤ እሷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። መኪና ውስጥ ታሪኩን አስቀድሜ ነገርኳት፤ እንግሊዝኛው እንዳያስቸግራት።

"ግዙፉ ማን ነው አልሽኝ?"

"አትላስ።"

"ቦሌ ያለው ሰፈር?"

"ሰፈሩ ሳይሆን ሰውዬው እማዬ። ሰማይ የተሸከመው።"

ላ ሲኤኔጋ የሚባለው መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። "ምን አጥፍቶ ነው?" አለች እማዬ።

"ተዋግቶ።"

"ይቅርታ አልጠየቀም?"

"ይጠይቅ አይጠይቅ መጽሐፉ አይልም።"

"የተጣላቸውስ? እስከዛሬ አሉ?"

"አይ፣ አሁን ማንም የሚያመልካቸው የለም። ተረስተዋል።"

"ታዲያ አሁን ለማን ብሎ ነው የሚሸከመው?" አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እኔ ሬዲዮ ከፈትኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፌርፋክስ አካባቢ ልጆቻቸውን እዚያ የሚያስተምሩ አበሻ ወላጆችም አልጠፉም፤ ሁለት ሦስት ነጠላ ከኋላ ይታየኛል። ሆን ብዬ እማዬን መሀል ላይ፣ በእኔና በባለቤቴ መካከል አስቀመጥኳት። በድንገት ልነሣ ብትል እንኳ ጉልበት ማለፍ አለባት። ሁሉንም አስቤያለሁ አላልኳችሁም?

መጋረጃው ተከፈተ። ሕዝቡ "ዋው" አለ። ጋሼ አንሶላ አገልድሞ፣ እስከ ደረቱ የሚወርድ ጺም አንጠልጥሎ፣ ግራጫ ተቀብቶ መድረኩን ሞልቶታል። እሱ መሆኑን ባላውቅ እኔም አልለየውም ነበር። ሰማዩ ትልቅ የስፖርት ኳስ ነው፤ ወረቀት ለብሶ፣ ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ኮከብ ተለጥፎበታል። አንገቱ ላይ ቡናማ ብርድ ልብስ ተጠምጥሟል።

ግን አንድ ነገር ልክ አልነበረም። ሚስ ኖራ ደረቱን ነፍቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንዲቆም ነው ያሳየችው። ጋሼ አጎንብሷል። ኳሱን ማጅራቱ ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ ከኋላ ደግፎ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ላቡ በቀለሙ መሀል መንገድ ሠርቶ ይወርዳል። አየር የተሞላ ኳስ ይህን ያህል ላብ አያስወጣም። ደግሞ እንዲህ ያለ አቋቋም የግሪክ አይደለም፤ እማዬም እኔም ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን።

በጎን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ቦርሳዋን ይዛ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

"ሰውዬው ምነው እንዲህ አጎነበሰ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሰማይ ከብዶት ነዋ እማዬ።"

"ሰማይ?" አለች።

ሊያ የአንበሳ ቆዳ በሚመስል ፎጣ ተጀቡና ገባች። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥግ የቆሙት ልጆች የግዙፉን ቃል ባንድ ድምፅ ይላሉ፤ እኔ ለእማዬ በጆሮዋ እተረጉማለሁ። ጋሼ ኳሱን ለሊያ አሸከማትና ፖሙን ሊያመጣ ሄደ። እዚህ ላይ ቀና ማለት ነበረበት፤ ነፃ ወጥቷላ! እሱ ግን እንዳጎነበሰ፣ ያን ብርድ ልብስ በአንድ እጁ ማጅራቱ ላይ እንደያዘ፣ ሽማግሌ ይመስል እየተጎተተ ወጣ፣ እየተጎተተ ተመለሰ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ምን እንዳለ ገና አልገባኝም።

ሊያ የታወቀችውን ማታለያ አታለለችው። ኳሱ ተመልሶ ማጅራቱ ላይ ወጣ። ፖሞቹን ወደ ላይ አንሥታ በድል አድራጊነት ስትጮህ ሕዝቡ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ።

"በሕግ አምላክ!"

እናቴ ናት። ተነሥታ ቆማለች።

በሕግ አምላክ የተባለ አበሻ ባለበት ይቆማል። ከኋላ ያሉት ነጠላዎች ደርቀው ቀሩ። ፈረንጆቹ ቃሉ ባይገባቸውም ድምፁ ገብቷቸው ዝም አሉ። ሊያ ፖሞቿን እንዳነሣች ሐውልት ሆነች።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ፣ ቲያትር እኮ ነው" ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ። እጄን መታችኝ። የባለቤቴን ጉልበት እንደ አጥር ዘልላ መተላለፊያው ላይ ወጣችና ወደ መድረኩ ሄደች። እኔም ከኋላዋ። በልቤ "አለቀልን" እላለሁ። የማታውቀው ግሪክ መስሏት አዝናለት ነው፤ ጠጋ ብላ ማን እንደሆነ ስታይ ሰው ፊት የሚመጣውን አስቡት። የልጄ ቲያትር አበቃ፣ ጋሼም ውርደት ተከናንቦ ቬጋስ ገባ ማለት ነው።

መድረኩ ሥር ደርሳ ቆመች። ራሷ የሚደርሰው እጉልበቱ ጋ ነው።

"ሰው እንዲህ አጎንብሶ ቆሞ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?" አለች ለአዳራሹ ሁሉ በአማርኛ። "ያጠፋውን አጥፍቷል። ይበቃዋል፤ የሰው ልጅ ስንት ዘመን ይሸከማል?" ከዚያ ወደ እሱ ቀና አለች። "ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። አውርድ።"

ጋሼ አላወረደም። ያልሰማ መሰለኝ፤ ወይም የሰማውን ማመን አቅቶታል። ኳሱ ከማጅራቱ ተንሸራቶ መድረኩ ላይ ነጠረ፣ እየተንከባለለ ወደ ልጆቹ ሄደ። እሱ እንዳጎነበሰ ቀረ። እማዬም እንደዱሮዋ ተቆጣች።

"አውርድ አልኩህ እኮ፣ ደምሴ!"

ስሙን ጠራችው። ጆሮዬን አላመንኩም። ሊያ ከተወለደች ያ ስም ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ ብርድ ልብሱን ፈታ። ድንጋዩ፣ ያ የሰሌዳው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ድም ብሎ ጣውላው ላይ ወደቀ። የመድረኩ አቧራ ቦነነ። በግንባሩ ተደፍቶ ከመድረኩ ጫፍ እግሯን ሊስም እጁን ሲዘረጋ፣ በሁለት እጇ ጺሙን ያዘችና ወደ ላይ ሳበችው፤ ጺሙ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

"እትዬ" አለ።

"እኔን። እኔን ይድፋኝ" አለች። ያን ተራራ አንገቱን አቅፋ፣ ግራጫው ቀለም አዲሱ ቀሚሷ ላይ እስኪታተም ድረስ አለቀሰች። ከኋላ አንዷ ነጠላ ለባሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹ ተከተሉ። አንድ የማላውቀው አባት ወንበር ላይ ቆሞ ያፏጫል። ፈረንጆቹም ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፣ ግን ደስታው ለሁሉም ደርሷል። ሚስ ኖራ ክንዴን ይዛ "ይሄ የእናንተ ባህል ነው?" ትለኛለች። እኔ እያለቀስኩ ራሴን ነቀነቅሁላት።

ቲያትሩን የጨረሰችው ሊያ ናት። መሬት ላይ የሚንከባለለውን ሰማይ አየች፣ ጣራውን አየች፣ ከዚያ በዚያ በጉልህ ድምፅዋ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብላ አወጀች፦ "ሰማዩ አልወደቀም! ብቻውን መቆም ይችላል! ግዙፉ ወደ ቤቱ ይሂድ!" አዳራሹ ተናወጠ። መጋረጃውን የሚዘጋው ሰው እሱም እያጨበጨበ ስለነበር መጋረጃው ሳይዘጋ ቀረ።

ሕዝቡ ሲበተን የትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመን እናቴን አፋጠጥኳት።

"ማን እንደሆነ መቼ ነው ያወቅሽው?"

"መጋረጃው ሲከፈት።"

"ጺም ነበረው! ቀለም ነበረው!"

"ጫማስ?" አለችኝ።

ወደ ጋሼ እግር አየሁ። ሰንደል። ግሪኮች ሰንደል ይጫማሉ ብዬ ራሴ ነበርኩ ያመጣሁለት። የግራ እግሩ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋ ቁጭ ብላለች።

"አዝዬው ስሮጥ ወድቀን የተሰበረች ናት" አለች እማዬ። "በቅቤ ያሸሁት እኔ፣ ያሰርኩት እኔ። ይህን እግር እኔ አላውቅም?"

"ታዲያ ምሐላሽስ? በእናትሽ አጥንት?"

"በሬን አልከፍትም ነው ያልኩት። ያ አዳራሽ የእኔ በር ነው እንዴ?"

ጋሼ ከጀርባዋ በግራጫ ፊቱ ፈገግ አለ። ለካ እሱም ሐሙስ ዕለት ያን ድንጋይ ሲያይ ያሰበው ይህንኑ ነው። በሯ ላይ እንዳይቆም ተምሎበታል፤ ሌላ ቦታ ግን አልተማለበትም። እሱ ድንጋይ ይዞ መጣ፣ እሷ ይቅርታዋን ይዛ ነበር፣ የሚያስቀምጡበት ቦታ ጠፍቷቸው ነው እንጂ። ከሦስታችን ምንም የማያውቅ ቢኖር ሁሉንም አስባለሁ ባይዋ እኔ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት ክሬንሾው ስንደርስ ቫኑ ተጭኖ አልቋል። እማዬ ከመኪናዬ ወርዳ የቫኑን የኋላ በር ከፈተችና ዕቃውን አየች። ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል።

"ይሄ ሁሉ ወዴት ነው?"

"ቬጋስ ነዋ እትዬ፣ ከፍያለሁ እኮ..."

"አውርድ" አለችው።

ማውረድ እንኳ አላስፈለገም። ቫኑ እንደተጫነ ወደ ሃውቶርን ዞረ። አሁን ጋሼ የሚኖረው ከእሷ ቤት ጋር በሚዋሰነው አፓርትማ ነው፤ ፌርፋክስ ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል፣ በቀን ሁለቴ ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው ፋሲካ የሰርጌን ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን አየነው። እማዬ ስትጨፍር የሚታየው ቦታ ደረሰ። ዕንባውን በነጠላዋ ስትጠርግለት ስታይ "ለካ ብቻህን ነበር ስታለቅስላት የዋልከው" አለችና እጁን ያዘችው። እኔ የዚያን ዕለት ሙሽራ ነበርኩ፤ ሰርጌ የተጠናቀቀው ግን ያን ፋሲካ ይመስለኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከወንድም ከእህታችሁ ጋር የተኳረፋችሁ ካላችሁ፣ ምክር ልሰጣችሁ አልነሣሁም። እኔ ራሴ ዘመድ እንዳይገናኝ ቀጠሮ ሳወጣ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያ ዓርብ የለወጠኝ እዚህ ላይ ነው፤ ቀጠሮውን ተውኩት። ቤቴ በዓል ሲሆን ሁሉም ባንድ ሰዓት ይጠራል፤ ቢጣሉም ይጣሉ፣ ቢያኮርፉም እዚያው ፊት ለፊት ያኩርፉ። የእናቴ ልብ ከብዙ ጊዜ በፊት ታርቆ ነበር፤ ምሐላዋ ነበር የያዛት። አንዳንዱ ሰው ይቅር ለማለት የሚቸግረው ልቡ ደንድኖ ሳይሆን የሚያደርግበት ቦታ አጥቶ ይሆናል። ቦታውን ፈልጉለት። የግሪክ ቲያትርም ቢሆን።

ድንጋዩ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ጋሼ ለሰሌዳው ሌላ ፈለገ። ያኛው ሃውቶርን ነው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የእማዬ ቤት በር በራሱ እየተመታ ይዘጋ ነበር። አሁን አይዘጋም፤ ጋሼ ሲመጣ መክፈት አያስፈልጋትም። እሷ ራሷ ድንጋዩን ወለሉ ላይ፣ ከበሩ ሥር አድርጋዋለች።